ሐኪሙ እኔን እያየ ነው የሚያወራው

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ውስጥ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሆኜ ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። ሐኪሞቹ መስማት የተሳናትን ታካሚ ትተው እኔን እያዩ «የት ነው የሚያማት? ጠይቂያት» ይሉኛል። ባለፈው ደግሞ የአንዷ ወንድም «ውጤቱን እንዳትነግሪያት» ብሎ ለመነኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከወንድምየው ልጀምር፤ እሱ ይከብዳል። በእኛ አገር ክፉ ውጤት መጀመሪያ ለቤተሰብ መንገር የተለመደ ነው፤ ለሚሰማውም ታካሚ እንደዚያው። አንቺ ግን የቤተሰቡ አስተርጓሚ አይደለሽም። እሷ ባለችበት የተባለውን ሁሉ፣ የወንድሟንም ጨዋታ ጭምር፣ ትተረጉሚያለሽ። ይህንን ገና ሳትጀምሪ ለሁሉም ንገሪያቸው፣ በኋላ ከሆነ ጠብ ነው።

ለሐኪሙ ደግሞ ቦታሽን ቀይሪ። ከጎኑ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብለሽ ቁሚ፤ ታካሚዋ ሁለታችሁንም ባንዴ ታያለች፣ እሱም ፊት ለፊቱ የሚያገኘው እሷን ነው። ስትተረጉሚም «ሆዴን ያመኛል» በይ እንጂ «ሆዷን ያማታል» አትበይ።

የመድኃኒት ስም በጣት ፊደል ይሄዳል፤ ፊደል ካልቆጠረች ግን ብልቃጡን ራሱን አሳዪያት። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ግሉኮስ ከመሰካቱ በፊት በየትኛው እጇ እንደምታወራ ጠይቀሽ ለነርሷ ንገሪያት። በዚያ እጇ ከሰኩባት አፏን ዘጉባት ማለት ነው።