አባትሽን ሙከራው ውስጥ ስለማስገባት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትሽ እንግሊዝ አገር በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሞቹ ስቴሮይድ የሚባለው፣ የሰውነትን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት ውስጥ ይግቡ ወይ ብለው ጠይቀውሻል። አንቺ ደግሞ «አባቴን መሞከሪያ ሊያደርጉብኝ ነው?» ብለሽ ሰግተሻል። ይሄ ጭንቀት በእኔም ላይ ደርሷል፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2020 አባቴ በኮቪድ ታሞ ኦክስጅን ላይ ነበር። ሌሊት ስልክ ተደወለልኝ። አስተርጓሚ የለም። ሪከቨሪ ስለሚባል፣ ለኮቪድ የሚሆኑ መድኃኒቶችን ስለሚሞክር ጥናት በጥድፊያ ነገሩኝ። የገባኝ «ኮምፒውተሩ ይመርጣል» የሚለው ብቻ ነበር። የሰው ሕይወት በዕጣ! ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁት።

በማግስቱ አንዲት ነርስ ደውላ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ዕጣው የሚወጣው ሐኪሞቹ ራሳቸው የትኛው እንደሚሻል ስለማያውቁ ነው። መድኃኒቱ ባይደርሰው ከተለመደው ሕክምና አንድም ነገር አይቀርበትም። የውሸት ክኒንም አይሰጡትም። ስልኩን ለአባቴ ስትሰጠው «እኔን ባይጠቅም ሌላውን ይጠቅማል፣ እሺ በያቸው» አለኝ።

ይሞከር የነበረው ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ነው፤ ለአባቴ ግን አልደረሰውም። ያም ሆኖ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቱ ገባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጁን 16 ውጤቱ ተነገረ። 2,104 ሰዎች ዴክሳሜታዞን በቀን 6 ሚሊግራም እስከ 10 ቀን እንዲወስዱ ተመድበው ነበር። 4,321 ሰዎች ደግሞ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት በ28 ቀን ውስጥ መድኃኒቱን ካላገኙት ከመቶ 41፣ ካገኙት 29 ሞቱ። ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት መካከል ቁጥሩ ከ26 ወደ 23 ወረደ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልታየም። ከነዚያ 4,321 ሰዎች አንዱ አባቴ ነው። እነሱ ባይኖሩ መድኃኒቱ መሥራቱ በምን ይታወቅ ነበር? በዚያው ወር የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ለጠና የታመሙት ይሰጥ አለ። አባቴ ያልወሰደውን መድኃኒት በዓመቱ አክስቴ በኮቪድ ታማ አዲስ አበባ ወሰደችው። ርካሽ ነው፣ ድሮም ያለ መድኃኒት ነው።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። ለኮቪድ ሠራ ማለት ለሌላው የሳንባ ምች ይሠራል ማለት አይደለም። ለዚህም ነው ሪከቨሪ በኋላ ወደ ኢንፍሉዌንዛና ወደ ሌላው የሳንባ ምች የተሻገረው። በ2023 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ሃይድሮኮርቲዞን የሚባል ስቴሮይድ ለሳንባ ምች ሕመምተኞች ሲሰጥ ሞት ከመቶ 12 ገደማ ወደ 6 ገደማ መውረዱን አሳይቷል። እነዚያ ሕመምተኞች ግን በጣም የጠናባቸው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ ናቸው። በተራው የሕሙማን ክፍል ውስጥ ለተኛ ሰው ያንኑ ቁጥር መውሰድ አይቻልም። ኢንፍሉዌንዛ ከሆነ ደግሞ ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ አዳክሞ ቫይረሱ እንዲቆይ ያደርጋል የሚል ስጋት አለ።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቂ። ኦክስጅን ላይ ናቸው? ስኳር አለባቸው? አክስቴ ስኳሯ በሁለተኛው ቀን ሽቅብ ወጥቶ ኢንሱሊን አስፈልጓት ነበር። ስቴሮይድ እንቅልፍም ይነሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታወራ አድራለች፣ እኛም አእምሮዋ ተነካ ብለን ደንግጠን ነበር። ቲቢ ታመው የሚያውቁ ከሆነ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅሽ ተናገሪ። ስቴሮይድ ተኝቶ የነበረውን ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ቲቢ በእኛ አገር ብዙ ሰው እንደሚይዝ የማያውቅ ሐኪም ላያስታውሰው ይችላል።

አባትሽ ነገሩን ተረድተው መናገር ከቻሉ ውሳኔው የእሳቸው ነው፣ ያንቺ አይደለም። ከገቡ በኋላም በፈለጉት ቀን መውጣት ይችላሉ። ማንም አይቀየማቸውም፣ ሕክምናቸውም አይጓደልም።

አስተርጓሚ ደግሞ አስጠሪ። በነፃ ነው፣ መብታችሁ ነው። እኔ ያንን ሌሊት አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ወረቀቱ ላይ ያልገባሽ ካለ ጻፊልኝ፣ ማታ ማታ ቤት ነኝ።