ቪቢ ስክሪፕት ወይስ ፓወርሼል? ከቡሬ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከየወረዳው በየወሩ የሚመጣልሽን የኤክሴል ፋይል በእጅ ከመገልበጥ ይልቅ በስክሪፕት (ኮምፒውተሩ በራሱ ተራ በተራ በሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር) ማዋሃድ ፈልገሽ፣ በየትኛው ቋንቋ ልጀምር፣ በቪቢ ስክሪፕት ወይስ በፓወርሼል ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ቋንቋዎቹ ሲከራከሩ አነበብኩ። እኔን ያስለቀሰኝ የቋንቋ ምርጫ ስላልሆነ በእሱ ብዙ አልቆይም።

1. ቪቢ ስክሪፕትን ተዪው። ማይክሮሶፍት ራሱ ከዊንዶውስ ቀስ በቀስ እንደሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። ፓወርሼል 5.1 ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ የመጣ ነው። የሚጫን ነገር የለም፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ደጅ የሚጠናለት ሰውም የለም። የመጨረሻዋን አትናቂያት።

2. ስክሪፕትሽ ዋናውን ፋይል እንዳይነካ። ሥራው ሁሉ በቅጂ ላይ ይሁን፤ ውጤቱም በሌላ ስም፣ በሌላ ፎልደር ይቀመጥ። ይህን አንደኛ ማድረግ ነበረብኝ። የዛሬ ጥቂት ዓመት በአንድ የገበሬዎች ማኅበር ስሠራ የማዳበሪያ ጠያቂዎች ዝርዝር በእጄ ነበር፤ የ19 ቀበሌ፣ 4312 ገበሬ፣ ስም ከነአባት፣ ዩሪያ ስንት፣ ኤንፒኤስ ስንት። ወሩ ግንቦት ነው፤ ግንቦት ላይ የማዳበሪያ ዝርዝር የያዘ ሰው እንዴት እንደሚዋከብ ለጎጃም ሰው አላስረዳም። በስሞቹ መካከል የተዘራውን ትርፍ ክፍተት የሚያጸዳ ስክሪፕት ጻፍኩ። እያንዳንዱን ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ያነባል፣ ያጸዳል፣ በዚያው ስም መልሶ ይጽፋል። በሁለት ደቂቃ ጨረሰ። ለራሴ ቡና ጋበዝኩ።

ከቡና ስመለስ ፋይሉን ከፈትኩት። ቁጥሮቹ አሉ። ስሞቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነዋል። አራት የጥያቄ ምልክት፣ ክፍተት፣ አምስት የጥያቄ ምልክት፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ገበሬ ድረስ። ሲኤስቪ የሚጽፈው የፓወርሼል 5.1 ትእዛዝ፣ ኤክስፖርት ሲኤስቪ፣ ካልነገሩት በቀር አስኪ በሚባለው የፊደል ኮድ ነው የሚጽፈው፤ አስኪ ደግሞ የእኛን ፊደል አያውቅም። ያላወቀውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ የተተካውንም የሚመልስ ጥበብ የለም። ፊደሉ ተዘበራርቆ እንግዳ ምልክት ቢሆን ኖሮ አንብቦ ማስተካከል ይቻል ነበር። አንድ ቃል ነበር የጎደለኝ፤ ኢንኮዲንጉ (የፊደል ኮዱ) የእኛንም ፊደል የሚያውቀው ዩቲኤፍ 8 ይሁን የምትለዋ። በሙከራው ጊዜ ያልነቃሁት ለምን መሰለሽ? በፓወርሼል ሰማያዊ መስኮት ላይ አማርኛ ድሮም ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ የመስኮቱ ፎንት ግዕዝ የለውም። ዓይኔ ሳጥን ለምዶ ምንም አልጠረጠረም።

የቀድሞውን ቅጂ ፍለጋ፣ ዝርዝሩን በየወሩ እንልክለት ወደነበረው የበላይ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ከወንበሩ ቀና ሳይል «ስክሪፕት የሚባል ነገር በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ማን ፈቀደልህ?» አለኝ። ከዚያ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። አመጣሁ። ቁጥር የለውም ተባለ፤ አስቆጥሬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን የታወቀው ነገር፣ የምንልክላቸውን አትመው በቦክስ ፋይል ካስቀመጡ በኋላ ፋይሉን ይሰርዙት ኖሯል። «የታተመውን ኮፒ ላድርግ» ብል አይቻልም። እዚያው ቆሜ ማንበብ ግን ይፈቀድልኛል! 4312 ስም!

ከየቀበሌው መዝገብ አስመጥቼ በ11 ቀን እንደገና ጻፍኩት፤ መብራት በጠፋባቸው ሰዓታት ወረቀት ላይ፣ ሲመጣ ኮምፒውተር ላይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል በሴት ነው፤ እኔ ወንዱ ለቀምኩ።

3. በዚያ 11 ቀን የተማርኩትን ልጨምርልሽ። አንዱ ቀበሌ «ኃይሉ» ያለውን ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ይለዋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለስክሪፕቱ ሦስት። ድግግሞሽ ስትፈልጊ ከስሙ ጎን ሌላ ዓምድ ክፈቺና ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ለውጪ፤ ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ፤ ማነጻጸሩ በዚያ ዓምድ ይሁን፤ ዋናው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ። ቀንም እንዲሁ ነው። ዊንዶውሱ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተቀመጠ ጳጉሜን 5ን 5/13/2016 ብለሽ ስትጽፊ ኤክሴል የፈረንጅ ሜይ 13 ያደርገዋል፤ ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብትይው ደግሞ ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለዪ። ስልክ ቁጥርን አስቀድመሽ ጽሑፍ ካላደረግሽው የፊቱን ዜሮ ይበላዋል፤ ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ቁጥርማ ትርፉ ወደ ዜሮ ይለወጣል።

አዎ፣ ረስቼው፤ ስክሪፕትሽ መጀመሪያ ላይ አልሠራም ይልሻል። ዊንዶውስ ሲመጣ ስክሪፕት ማስኬድን ዘግቶ ነው የሚመጣው። ይህን የሚወስነውን ቅንብር፣ ኤክሲኪውሽን ፖሊሲውን፣ ለራስሽ የተጠቃሚ መለያ ብቻ «ሪሞት ሳይንድ» (እዚያው ኮምፒውተር ላይ የተጻፈን ስክሪፕት የሚፈቅደው) አድርጊው፤ ቢሮው በራሱ ደንብ ካልቆለፈው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ኤክሴልን በስክሪፕት ከከፈትሽ ደግሞ መዝጋትሽን አረጋግጪ፤ እኔ አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ተንቀራፍፎብኝ ታስክ ማኔጀርን ብከፍት 14 ኤክሴል ተደብቀው ተቀምጠዋል።

በእጅ ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ ዛሬ በአራት ደቂቃ ያልቃል። ያ ኃላፊም ባለፈው ዓመት ደውሎ «ያቺን ነገር ለእኛም ብትሠራልን» ብሎኛል። ደብዳቤ ይጻፉልኝ አልኩት፤ ቁጥር ያለው።

ስክሪፕቱን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። በየመስመሩ በአማርኛ ማብራሪያ ጽፌበታለሁ፤ ስለዚህ በኖትፓድ ከፍተሽ ስታስቀምጪው «ዩቲኤፍ 8 ከቦም ጋር» የሚለውን ምረጪ (ቦም ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን የሚናገር መነሻ ምልክት ነው)፤ ያለዚያ ፓወርሼል 5.1 በስክሪፕቱ ውስጥ ያለውን አማርኛም በትክክል አያነበውም።