ዘንዶው ሞትን ይፈራል ወይ? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዘንዶ ናቸው። መልሶቹ የጨዋታዎቹን መጨረሻ ስለሚያወጡ፣ ገና ያልጨረሳችሁት ጨዋታ ስም ሲመጣ ዝለሉት።

ጥያቄ፦ በስካይሪም ጨዋታ ውስጥ ዘንዶው አልዱዊን ዓለምን ሊበላ ከመጣ ለምንድን ነው የሞቱ ዘንዶዎችን እየዞረ የሚያስነሳው? ሁሉን ለሚውጥ ሠራዊት ምን ያደርግለታል? (ከፔዳ ግቢ)

መልስ፦ ትክክለኛውን ቦታ ነክተሃል። በስካይሪም (እ.ኤ.አ. 2011) ለአልዱዊን የተሰጠው ሥራ አንድ ነው፤ ዘመን ሲያልቅ ዓለምን መዋጥ። እሱ ግን ንግሥና አማረው። በጥንት ጊዜ ሰውን አስገብሮ ገዛ፣ ሰዎች ዐመፁበት፣ ሦስት ጀግኖችም ኤልደር ስክሮል በተባለ ጥንታዊ ጥቅልል ኃይል ከዘመናቸው አሽቀንጥረው ወደ ፊት ወረወሩት። ስለዚህ ለአንተ ሺህ ዘመን ያለፈው ጦርነት ለእሱ የትናንት ነው፤ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው። ዓለምን ለማጥፋት ሎሌ አያስፈልግም፣ ለመንገሥ ግን ያስፈልጋል።

ማስረጃውን ካይንስግሮቭ የተባለ ሰፈር ላይ ታገኘዋለህ። እዚያ ከመድረስህ በፊት በሴቲንግ ውስጥ ያሉትን ሁለቱንም ሰብታይትሎች አብራ፤ አንዱን ብቻ ካበራህ ከሩቅ የሚነገረው ያመልጥሃል። ቀስትህን አታባክን፣ በዚያ ቦታ አይቆስልም። ወደ መቃብሩ ጉብታ ተጠጋና ስማ። ሳሎክኒር የተባለውን የሞተ ዘንዶ ከአጥንቱ ጠርቶ ያስነሳዋል፤ ከዚያ ወደ አንተ ዞሮ፣ ቋንቋችንን እንኳ ሳታውቅ የዘንዶ ስም ለራስህ ሰጠህ ብሎ ይሳለቃል። ንዴት የለበትም፣ ፍርሃትም የለበትም። ንቀት ብቻ ነው።

ንቀቱ የሚመጣው ሞትን ከማያውቅ ልብ ነው። በዚያ ዓለም ተራ ወታደር ዘንዶ ቢገድል አጥንቱ ይቀመጣል፣ አልዱዊን ሲመጣ ይነሳል። ነፍሱን ወስዶ የሚያስቀረው ድራጎንቦርን፣ ማለትም የዘንዶ ነፍስ ይዞ የተወለደው አንተ ተጫዋቹ ብቻ ነህ። ድራጎንሬንድ የተባለው ጩኸት (በዘንዶ ቋንቋ ቃላት የሚሠራ አስማት) የሚሠራውም በዚሁ ክፍተት ነው። ሰዎች የፈጠሩት ነው፤ ሟች መሆንን፣ ማለቅን፣ ጊዜያዊነትን በግድ ዘንዶው አእምሮ ውስጥ ይከታል፣ ያ ሐሳብ ሲገባበት መብረር ያቅተዋል። ተራራው ላይ የሚኖረው ሽማግሌ ዘንዶ ፓርተርናክስ ሊያስተምርህ የማይችለውም ስለሚደብቅህ አይደለም፤ ዘንዶ ሆኖ ሐሳቡን መያዝ ስለማይችል ነው። ተራራው ጫፍ ላይ ስክሮሉን አንብበህ ከፈጠሩት ሰዎች አፍ የምትሰማው ለዚህ ነው።

ውጊያው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት አልዱዊን ሩቅ ሳለ በመጮህ ነው። ጩኸቱ ሳያገኘው ያልፋል፣ እስኪመለስ ድረስም ትቀጠቀጣለህ። ወደ አንተ ሲያዘቀዝቅ ጠብቅ፣ ጩህበት፣ ሲያርፍ ምታው፤ ኃይሉ ሲለቀው ድገም። ያለ ድራጎንሬንድ መሣሪያህ አይጎዳውም።

ሲሸነፍ ወዴት ሸሸ? ወደ ሶቭንጋርድ፣ የሞቱ ጀግኖች ወዳሉበት አገር። ኦዳቪንግ የተባለው ዘንዶ እንደሚነግርህ ጉልበቱን የሚመልሰው የሟቾችን ነፍስ እየበላ ነው፤ እዚህ የቀሩት ዘንዶዎችም ጌትነቱን መጠራጠር ጀምረዋል። እኛ እንደምናነበው አልዱዊንን የሚያስደነግጠው ይህ ሁለተኛው ነው። መጨረሻ ላይ ነፍሱ ወደ አንተ አለመግባቷ የጨዋታው ስህተት አይደለም። ጩኸትን ከሚያስተምሩት የተራራው መነኮሳት አንዱ አርንጊየር፣ በዘመን ፍጻሜ ሥራውን ሊፈጽም ይመለስ ይሆናል ይላል።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። በዚሁ ጨዋታ ሽማግሌውን ዘንዶ ግደል ሲሉት አልገድልም አለ። በቤታችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አለ፤ ዘንዶ የሚወጋ እንጂ የሚታዘንለት ሆኖ አያውቅም። ምን እያስተማረው ነው? (አንዲት እናት፣ ከሹም አቦ)

መልስ፦ እመቤት፣ በሥዕሉ ላይ ያለው ዘንዶ አይናገርም። ቅዱሱ ከነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይወጋዋል፣ ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና ታያለች፤ ዘንዶው እዚያ የተቀመጠው ክፋት እንዲሸነፍ ነው፣ የራሱ ሐሳብ አይጠየቅም። ልጅዎ ያገኘው ፓርተርናክስ ሌላ ነገር ነው። የአልዱዊን ወንድም ነው፣ ከእሱ ጋር ብዙ ክፋት ሠርቷል፣ ከዚያ ከድቶት ለሰዎች የጩኸቱን ጥበብ አስተማረ። የመግዛት ተፈጥሮው እስካሁን እንደሚፈትነው ራሱ ይናገራል፣ ተራራ ላይ ሆኖ በተመስጦ ይታገለዋል። በአባቶች አነጋገር ንስሐ የገባ ሽማግሌ ነው ቢባል አይርቅም። ወንድሙ ሲሞትም ደስ አላለውም።

ልጅዎ ጨዋታውን ማቆም የለበትም። ግደል የሚሉት ብሌድስ የተባሉት ዘንዶ አዳኞች ናቸው፤ ትእዛዙን ሳይፈጽም ቢተወው ዋናው ታሪክ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ የሚቀርበት የእነሱ እርዳታ ብቻ ነው። ከዘንዶው ይልቅ ሊያሳስብዎት የሚገባው በአሜሪካ ምደባ ጨዋታው ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆኑ ነው፤ ደም አለበት።

ጥያቄ፦ ዳርክ ሶልስ ላይ ያለው ነጭ ዘንዶ ሲዝ ሁልጊዜ ይገድለኛል። ብመታው አይሞትም። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን? (ከቀበሌ 14፣ ጌም ቤት የሚጫወት)

መልስ፦ ዲስኩ ጤነኛ ነው። በመጀመሪያው ግጥሚያ እንድትሞት ነው የተሠራው፤ ስትነቃ እስር ቤት ውስጥ ነህ። ነፍሶችህ (በጨዋታው እንደ ገንዘብ የሚያገለግሉት) ግን የሞትክበት ይቀራሉ፣ ሳታነሳቸው ሌላ ሞት ከሞትክ ጠፉ። ስለዚህ ወደ ሲዝ ከመውጣትህ በፊት ሁሉንም ተጠቅመህ ጨርሳቸው።

ሁለተኛው ግጥሚያ ከክሪስታል ዋሻው ማዶ ነው። ዋሻው ውስጥ የማይታዩ ድልድዮች አሉ፤ ፕሪዝም ስቶን የተባለውን የሚያበራ ድንጋይ ወደ ፊት እየጣልክ ሂድ፣ ድንጋዩ ባየር ላይ ካረፈ መንገድ አለ። ሲዝ ያለበት ክፍል ስትገባ እሱን ተወውና ከኋላ ያለውን ትልቁን ክሪስታል ስበር። አጠገቡ ብትቆም ሲዝ ራሱ ሊመታህ ሲል ይሰብረዋል። ከዚያ በኋላ ይቆስላል። ከፊቱ ርቀህ አትቁም፤ እስትንፋሱ የሚያበቅለው ክሪስታል እርግማን ይሞላብሃል፣ ሲሞላ ወዲያው ትሞታለህ፣ ሙሉ ጤናህም በግማሽ ይቀንሳል። እርግማኑን የሚያነሳ ፐርጂንግ ስቶን ሁለት ሦስት ያዝ።

የዚህ ዘንዶ ዓላማ ከክሪስታሉ ይነበባል። ዘላለማዊ ዘንዶዎች የማይሞቱት በቅርፊታቸው ነበር፤ ሲዝ ያለ ቅርፊት ተወለደ። ወገኑን ዘንዶዎችን ለተዋጋው ንጉሥ ለግዊን ከድቶ ሰጠ፣ ዱክ የሚል ማዕረግ አገኘ፣ ሌሎቹ ሲወለዱ ያገኙትን ሲፈልግ ኖረ። እስር ቤቱ ስር ሲንቀጠቀጡ የምታያቸው ፍጥረቶች የፍለጋው ውጤት ናቸው፤ ከእነሱ ሁለቱ እያለቀሱ ይቆማሉ እንጂ አይነኩህም፣ ባትገድላቸው ጥሩ ነው። አልዱዊን ሞትን አስቦት አያውቅም። ሲዝ ሌላ የሚያስበው የለውም።

ጥያቄ፦ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ የጊዜ ጠባቂው ዘንዶ ኖዝዶርሙ የሚሞትበትን ሰዓት አስቀድሞ ያውቃል ይባላል። ያወቀ ሰው ይረጋጋል እንጂ ያብዳል? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ የጊዜ ጠባቂነት ሲሰጠው የራሱ ሞት ታይቶታል፤ ለረጅም ዘመንም ተረጋግቶ ነበር። የሰበረው ማወቁ ብቻ አይደለም፤ የጥንት አማልክት ሞትህን ማምለጥ ትችላለህ ብለው አታለሉት። ጊዜን ሊያፈርስ የሚነሳው ሙሮዞንድ ራሱ ኖዝዶርሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ኤንድ ታይም በተባለው የጨዋታው ክፍል ስትገጥሙት የአሸዋ ሰዓቱን እስከ 5 ጊዜ መገልበጥ ትችላላችሁ፤ የሞቱ ተጫዋቾች ይነሳሉ፣ ችሎታዎች ይመለሳሉ። የተመኘው ነገር ለገዳዮቹ ተሰጠ። አትቸኩሉበት፤ ወለሉ በፍንዳታ ሲሞላና ትልልቅ ችሎታዎቻችሁ ሲያልቁ ገልብጡ።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ታሪክ እየተረኩ በዳይስ የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ) በአማርኛ እንጫወታለን፣ ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ። ዘንዶዬ ጣና ሥር ተደብቆ ዓለምን ሊያጠፋ ያስባል። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ምን ጎደለው? (ከፖሊ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሐይቁ። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ጥንታዊ ዘንዶ በሰሌዳው ላይ ብቻ 6 በ6 ሜትር ይይዛል። ደቅ ማዶ የሚያጠምድ ሰው መረቡን ክንፉ ላይ ነው የሚጥለው። ወይ ታሪኩን ውኃው በሚደፈርስበት ክረምት አድርገው፣ ወይ ዘንዶውን ከሐይቁ አውጥተህ ደንገል ውስጥ አስገባው። ለረግረግ የሚስማማው ጥቁር ዘንዶ ነው፤ ይዋኛል፣ ውኃ ውስጥ ይተነፍሳል፣ አሲድ ይተፋል።

ዓላማውን በተመለከተ፣ ዓለም ከጠፋ እሱ የት ይኖራል? ተጫዋቾችህ የሳቁት ለዚህ ይመስለናል። በጨዋታው አምስተኛ እትም ጥንታዊ የሚባለው ከ800 ዓመት በላይ የኖረ ነው። የአንዱን ተጫዋች ቅድመ አያት በስም የሚያውቅ፣ ሰውን እንደ አዝመራ የሚቆጥር አድርገው። አሁን እርጅና ተሰምቶታል፣ ነፍሱን በዕንቁ ውስጥ አስቀምጦ ድራኮሊች፣ ማለትም ሞቶም የሚኖር ዘንዶ ሊሆን ይፈልጋል። ይህ ዓላማ የሚሠራው ሊደረስበት ስለሚችል ነው፤ ዕንቁ መግዛት፣ ሰው ማፈን፣ ቀን መጠበቅ ይጠይቃል፣ ተጫዋቾቹም እያንዳንዱን ማደናቀፍ ይችላሉ።

ፍንጩን ቢያንስ ሦስት ቦታ በትን፤ አንዱን ያልፉታል፣ አንዱን በተሳሳተ መንገድ ይረዱታል። በውጊያው መካከል ንግግር አታብዛ። ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ ከሆነ ዳይሱን ይወረውሩብሃል። የቀረውን ከውጊያው በፊት መልእክተኛው ይናገርለት።

ስለ ሞት ያለውን አመለካከት በቁጥር አሳይ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው የጭራቆች መጽሐፍ የጥንታዊ ጥቁር ዘንዶ ጤና በአማካይ 367 ነው። ሞትን የሚፈራ ከሆነ 180 አካባቢ ሲደርስ ይሽሽ፤ ሦስቱን ሌጀንደሪ ሬዚስታንስ (የከሸፈበትን መከላከል ወደ ስኬት የሚቀይርባቸውን ዕድሎች) ሲጨርስ ደግሞ መሳለቁን ትቶ መደራደር ይጀምር። የማይፈራ ከሆነ እስከ ዜሮ ይቁም፣ ግን ያኔ ድራኮሊቹን አውጣው፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። የሚሸሸው ወደ ውኃ ስለሆነ ተጫዋቾቹ በምን እንደሚከተሉት አስቀድመህ ወስን። የደንገል ታንኳ አሲድ አይችልም።