ስለ ያልተማከለ ኢንተርኔት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሥራዬ ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጽና መልእክት የሚያኖርና ለሌሎች የሚያቀብል ኮምፒውተር፣ መጠበቅ ነው። ስለ ያልተማከለ ኢንተርኔት፣ ማለትም አንድ ኩባንያ ብቻውን ስለማያዝበት ኢንተርኔት፣ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዌብ 1፣ ዌብ 2፣ ዌብ 3 ሲባል እሰማለሁ። በአጭሩ ብታስረዳን?

መልስ፦ ቁጥሮቹን ተዋቸው፤ የገበያ ወሬ ይበዛባቸዋል። ኢንተርኔት ሲፈጠርም ያልተማከለ ነበር። በ1983 የኢንተርኔት መነሻ የሆነው የአሜሪካ ኔትወርክ አርፓኔት ቲሲፒ አይፒ ወደሚባለው የጋራ መግባቢያ ሲዞር፣ ያንን መግባቢያ የሚያውቅ ኔትወርክ ሁሉ መቀላቀል የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። ድሩን (ዌብን) የሠራው ቲም በርነርስ ሊ ነው። ይሠራበት የነበረው ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል በ1993 ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ገጽ ለመክፈት ፈቃድ የሚጠየቅ አለቃ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ሰርቨር ነበረው፣ ጋዜጣውም የራሱ። ዌብ 1 የሚሉት ይሄን ነው።

ከዚያ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ትዊተር (የዛሬው ኤክስ) መጡ፤ ዌብ 2 የሚሉት ይሄን ነው። ማንም በጉልበት አልነዳንም፤ በእግራችን ነው የሄድነው። ኮድ መማር ቀረ፣ ሰዉም ሁሉ እዚያ ነበር። ዌብ 3 የሚለውን አሁን በያዘው ትርጉም ያስተዋወቀው፣ ኢቴሪየም የተባለውን የዲጂታል ገንዘብና የመተግበሪያ መረብ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጋቪን ውድ ነው፣ በ2014። ሐሳቡ ኩባንያውን አስወጥቶ በቦታው ብሎክቼይን፣ ማለትም ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች የተያዘ የጋራ መዝገብ፣ ማስገባት ነው። እኔ ግን ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ነው የምመዝነው። ካልተስማማኝ ንብረቴንና ወዳጆቼን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?

ጥያቄ፦ ኩዌት ነው የምሠራው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ዋትሳፕ ጠፍቶ እናቴን ሳላገኛት አመሸሁ። ምን ሆኖ ነበር?

መልስ፦ ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ይሆናል እህቴ። በፌስቡክ ለጥገና ተብሎ የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ የኩባንያውን የዳታ ማዕከሎች የሚያገናኘውን መስመር በሙሉ ጣለው። "ፌስቡክ ያለው እዚህ ነው" ብለው ለዓለም የሚናገሩት ሰርቨሮችም ከማዕከሎቹ ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው፣ እንዲያደርጉ በታዘዙት መሠረት ራሳቸውን ከኢንተርኔቱ መንገድ አወጡ። ከዚያ በኋላ ፌስቡክን የት ብሎ ማግኘት ይቻላል? ዋትሳፕና ኢንስታግራምም የአንድ ቤት ልጆች ናቸውና አብረው ጠፉ። የባሰው ደግሞ፣ ኢንጂነሮቹ ችግሩን ከርቀት የሚያስተካክሉበት መሣሪያም በዚያው መስመር ላይ ነበር። ሰው በአካል ሄዶ እስኪነካካው 6 ሰዓት ገደማ ፈጀ።

ኢንተርኔቱ ራሱ አልተበላሸም። ያን ምሽት ኢሜይል ይሠራ ነበር፣ ተራ ስልክም ይሠራ ነበር። ከእናትሽ ጋር ሁለተኛ መንገድ ይኑርሽ፤ የሌላ ኩባንያ ይሁን እንጂ።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ግን ያልተማከለ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። የሚተዳደረው በአንድ ኩባንያ ነው፣ ተራው ቻትም የሚቀመጠው እሱ ጋ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ ሚስጥራዊ ቻት የሚለውን ስትመርጥ ብቻ ነው። ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ ሁሉንም ይቆልፋል፤ እሱም ግን የአንድ ድርጅት ነው።

ጥያቄ፦ ማስቶዶንና ብሉስካይ ከትዊተር በምን ይለያሉ? ብዙ ሰው ሲያወራላቸው ነበር።

መልስ፦ ጂሜይል ያለው ሰው ያሁ ላለው ይጽፋል፤ ማስቶዶን የተባለው ማኅበራዊ መድረክም እንዲሁ ነው። በ2016 የወጣው ኦይገን ሮክኮ በሚባል ጀርመን በሚኖር ወጣት ነው። ሺዎች ሰርቨሮች አሉት፤ ባለቤታቸው የተለያየ ነው፣ እርስ በርስ ግን ይነጋገራሉ። የሰርቨርህ ባለቤት ካስቀየመህ ወደ ሌላ ትዛወራለህ፣ ተከታዮችህም ይከተሉሃል። የድሮ ጽሑፎችህ ግን አይመጡም! እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከኪሱ የሚከፍል በጎ ፈቃደኛ ስለሆነ፣ ሲሰለቸው ይዘጋዋል።

ብሉስካይ ጽሑፉም ጭምር እንዲዛወር ታስቦ ነው የተሠራው። በንድፉ እወደዋለሁ። አብዛኛው ተጠቃሚ ግን አሁንም ያለው ኩባንያው ራሱ በሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች ላይ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ የወጣበት ሰው ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ያለ ብሎክቼይን ያልተማከለ ነገር መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ሰዎች ፋይል በቀጥታ የሚለዋወጡበት ቢትቶረንት በ2001 ያለ ብሎክቼይን ተሠርቶ እስከ ዛሬ አለ። ብሎክቼይን የሚያስፈልገው የማይተማመኑ ሰዎች ያለ ዳኛ በአንድ መዝገብ መስማማት ሲኖርባቸው ነው። ለገንዘብ ያስኬዳል። የሰርግ ፎቶ ለማጋራት ምን ያደርጋል? ደግሞ እሱም በጓሮ በር ይማከላል። ብዙ የኢቴሪየም መተግበሪያዎች ብሎክቼይኑን (ሰንሰለቱን) የሚያነቡት ኢንፉራ በሚባል የአንድ ኩባንያ አገልግሎት በኩል ነው። በኖቬምበር 2020 ኢንፉራ ሲቋረጥ ብዙ ዋሌቶች (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳዎች) በትክክል መሥራት አቃታቸው። ዋናው ሰንሰለት ግን እየሠራ ነበር።

ጥያቄ፦ የትኛውን ኮይን ልግዛ?

መልስ፦ ሰርቨር ነው የምጠብቀው አልኩ እኮ።

ጥያቄ፦ አይፒኤፍኤስ ላይ የጫንኩት ፋይል ለዘላለም ይኖራል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አይፒኤፍኤስ ብዙ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበት መረብ ነው። ፋይልን የሚፈልገው ባለበት ቦታ ሳይሆን በይዘቱ አሻራ ነው፤ ስለዚህ ቅጂው ያለው ማንኛውም ኮምፒውተር ሊሰጥህ ይችላል። ቱርክ በ2017 ዊኪፒዲያን ስትዘጋ የቱርክኛው ቅጂ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ግን ፋይሉን ይዞ የሚቆይ አንድም ሰው ከሌለ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ እኛ አገር ኢንተርኔት ሲዘጋስ ይሄ ሁሉ ይረዳናል?

መልስ፦ አዘጋጉ ይወስነዋል። በ2020 ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ገደማ የተቋረጠው ኢንተርኔቱ ራሱ ነበር። መስመር ከሌለ ማስቶዶንም ሆነ ብሎክቼይን ዋጋ የላቸውም። ያኔ የሚሠራው ብራያርን የመሰለ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ የሚልክ መተግበሪያ ነው፤ እሱም ለቅርብ ርቀት ብቻ፣ አስቀድመህ ጭነኸው ከሆነ ብቻ። በፌብሩዋሪ 2023 ግን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተመርጠው ነው የተዘጉት። እንዲህ ሲሆን በብዙ ትንንሽ ሰርቨሮች የተበተነ ነገር ለመዝጋት ያስቸግራል፣ ዝርዝሩ አያልቅምና።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ብሎገር ነኝ። የራሴን ሰርቨር ቤት ውስጥ ልትከል ወይስ ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ መብራቱን ታውቀው የለ? ቤት አትትከል፤ ትንሽ ሰርቨር ተከራይ። የራሴን ኢሜይል ሰርቨር ላቁም ካልክ ግን ተው እልሃለሁ። መግባቢያው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ትልልቆቹ ግን ከማያውቁት ሰርቨር የመጣውን መልእክት ወደ ስፓም ይወረውሩታል።

ብሎግህን በራስህ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) አድርገው፣ ፌስቡክ ላይ ሊንኩን ለጥፍ። ዶሜይኑ በዌብሳይት ሠሪው ልጅ ስም እንዳይመዘገብ ተጠንቀቅ። ክፍያው በአንተ ካርድ፣ ምዝገባው በአንተ ኢሜይል ይሁን። ልጁ ዱባይ ሄዶ ስልኩ አልነሳ ሲል ዶሜይናቸውን ያጡ ሰዎች በየጊዜው ይደውሉልኛል፤ ላደርግላቸው የምችለው ነገር የለም።