ለጉዞና ለአዳር በተዘጋጀ ሃይ ኤስ ላይ የሚገጠም ጎማና ቸርኬ

ጥያቄ፦ ባለ ከፍተኛ ጣሪያ፣ ናፍጣ የሚጠቀም፣ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳ ቶዮታ ሃይ ኤስ አለኝ። ወንበሮቹን አንስቼ አልጋ፣ አነስተኛ ማቀዝቀዣ፣ ሁለት ባትሪና 120 ሊትር የሚይዝ የውኃ ታንከር አስገጥሜበታለሁ፤ ጣሪያው ላይም የዕቃ መጫኛ አለው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከሐዋሳ ተነሥተን ወደ ባሌ ተራሮች፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በኮንሶ በኩል ወደ ቱርሚ ለመሄድ አስበናል። አሁን የተገጠመው ጎማ 195 አር 15 ሲ ሲሆን ጎኑ ላይ 106/104 የሚል ቁጥር አለው። አንድ ጎማ ሻጭ 235/75 አር 15 የሆነና 104/101 የተጻፈበት ኦል ቴሬይን (ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን) ጎማ፣ 8 ኢንች ስፋትና ዜሮ ኦፍሴት ካለው ጥቁር የአሉሚኒየም ቸርኬ ጋር አቅርቦልኛል። ትልቅ ስለሆነ ብዙ ክብደት ይችላል ብሎኛል። ልግዛው?

መልስ፦ ገንዘብዎን ሳይከፍሉ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፤ ያቀረቡልዎ ጎማ በዓይን ሲያዩት የጎለመሰ ቢመስልም አሁን መኪናዎ ላይ ካለው ቀጭን ጎማ ያነሰ ክብደት የሚሸከም ነውና። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ጎኑ ላይ የታተሙት ቁጥሮች ናቸው። 106 ማለት አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ሲሆን፣ 104 ግን 900 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ከእዝባሩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በአንድ ወገን ሁለት ጎማ ተጣምሮ ለሚታሰርባቸው መኪናዎች የተሰጠ ስለሆነ እርስዎን አይመለከትዎትም። ስለዚህ ሻጩ «ትልቅ» ያለው ጎማ በእያንዳንዱ እግር 50 ኪሎ ግራም ይቀንስብዎታል፤ የሚቀንሰውም መኪናዎ ከተሠራበት ጊዜ ይልቅ አሁን በከበደበት ሰዓት ነው።

ጎማ ከመምረጥዎ በፊት መኪናውን ያስመዝኑ። ውኃውን ሞልተው፣ ነዳጁን ሞልተው፣ ቤተሰብዎን አሳፍረውና ዕቃውን ሁሉ ጭነው የጭነት መኪና ወደሚመዘንበት ሚዛን ይውሰዱት፤ የፊቱን ሁለት ጎማ ለብቻ፣ የኋላውን ሁለት ለብቻ እንዲመዝኑልዎም ይጠይቁ። ለምሳሌ የኋላው 1,750 ኪሎ ግራም ቢመጣ፣ እኩል ሲካፈል በአንድ ጎማ 875 ስለሚሆን 900 የሚችለው ጎማ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ ክብደት እኩል ተካፍሎ አያውቅም። የውኃ ታንከሩ፣ ባትሪዎቹና ማቀዝቀዣው በአንድ ወገን ከተደረደሩ ከመቶው 55 እጅ ወደዚያ ወገን ያጋድላል፤ ያ ጎማ ብቻውን ከ960 ኪሎ ግራም በላይ ተሸከመ ማለት ነው። በዚህ ስሌት የሻጩ ጎማ በግልጽ ከአቅሙ በላይ ሲሆን፣ አሁን ያለው የእርስዎ ጎማም ከልኩ በጥቂቱ አልፏል። ሚዛኑ የሚያሳይዎት ቁጥር ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ ሳያውቁት ግን የትኛውንም ጎማ አይግዙ። በተቻለ መጠን ታንከሩንና ባትሪዎቹን በተለያየ ወገን ማስቀመጥም ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው። ብርቱ ጎማ መግጠም የባሌስትራውን፣ የፍሬኑንና የአክስሉን አቅም እንደማይጨምር ግን አይርሱ፤ አምራቹ ለመኪናው የወሰነው የክብደት ጣሪያ ጎማ በመለወጥ ከፍ አይልም።

ታዲያ የቱን ልግዛ ካሉኝ፣ በ15 ኢንች ቸርኬ 225/70 አር 15 ሲ፣ 112/110 የሚል ኦል ቴሬይን ይፈልጉ። 112 ማለት 1,120 ኪሎ ግራም ነው፤ ከላይ ያሰላነውን ጭነት ተሸክሞ የሚበቃ ትርፍ አቅም ይቀረዋል። ቁመቱም ወደ 696 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አሁን ካለው ጎማ ጋር በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያያል። ከልኩ መጨረሻ ያለችው «ሲ» ጎማው ለንግድና ለጭነት መኪና የተሠራ መሆኑን የምታመለክት ስለሆነች፣ ከቁጥሩ እኩል ይፈልጓት። የሻጩ ጎማ ቁመት ግን 733 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን የሚያህል ልዩነት መኪናውን ከመሬት ከፍ የሚያደርገው በግማሹ፣ ማለትም በ20 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ሲሆን፣ በምትኩ የሚያስከፍልዎት ብዙ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል እርስዎ 106 ገደማ እየሄዱ ነው፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ስድስት ከመቶ ያህል የሚከብድ ማርሽ እንደተሰጠው ሆኖ ይለፋል። ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወጣውን ዳገት ሙሉ ጭነት ይዞ ለሚወጣ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታም ጉልበቱ ለሚቀንስ መኪና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መሪውን እስከ መጨረሻ ሲያዞሩም ጎማው ፓራፋንጎውን መላጉ አይቀርም።

ስለ ቸርኬው ደግሞ ከጎማው ይልቅ አጥብቄ አስጠነቅቅዎታለሁ። የሃይ ኤስ ቸርኬ በስድስት ቡሎን ይታሰራል፤ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር፣ የመሐል ቀዳዳው 106.1 ሚሊ ሜትር፣ ቡሎኑም ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስድስት ቀዳዳ ያለው ቸርኬ ሁሉ ይገጥማል ብለው አይመኑ፤ የመሐል ቀዳዳው ከሰፋ ቸርኬው በሞዞው (ቸርኬው በሚታሰርበት የመሐል ክፍል) ላይ በትክክል አይቀመጥም፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ዜሮ የሆነው ኦፍሴት ነው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገናኝበት ፊት ከስፋቱ እኩሌታ ምን ያህል ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ እንደራቀ የሚገልጽ ልክ ነው። ባለ 6 ኢንች ስፋትና ፕላስ 35 ኦፍሴት የሆነውን የፋብሪካ ቸርኬ አውጥተው ባለ 8 ኢንቹን ዜሮ ኦፍሴት ቢያስገቡ፣ የውጭ ከንፈሩ ወደ 60 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። የመኪናው ክብደትም ኩሽኔታውን (ጎማው እንዲሽከረከር የሚያደርገውን ክፍል) በቀጥታ መጫኑን ትቶ እንደ ረጅም ዘንግ ይጠመዝዘዋል። ወደ ሥራ ቦታዬ እንዲህ ተደርጎ የተሠራ መኪና መጥቶ የፊት ኩሽኔታው አልቆ፣ ቸርኬው በእጅ ሲነቀነቅ አይቻለሁ፤ ባለቤቱም ድምፁን ለሳምንታት የጎማው ጥርስ የሚያሰማው መስሎት ነበር።

ለእርስዎ ጉዞ ከአሉሚኒየም ይልቅ የብረት ቸርኬ እመርጥልዎታለሁ። ብረት ድንጋይ ሲመታው ይጣመማል፤ ቱርሚም ሆነ ኮንሶ ያለ ጎሚስታ በመዶሻ አቅንቶ ለጊዜው ሊያደርስዎት ይችላል። አሉሚኒየም ግን ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ቸርኬ ንፋስ አይይዝም፣ ብየዳውም አስተማማኝ አይደለም። አሉሚኒየም ካስፈለገዎት ከጀርባው የታተመውን የመሸከም አቅም አንብበው ከሚዛኑ ቁጥር በላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ዳዶውም (የቡሎኑ ማጥበቂያ) ለዚያ ቸርኬ የተሠራ ይሁን። ሾጣጣ ዳዶ ለጠፍጣፋ መቀመጫ፣ ጠፍጣፋው ደግሞ ለሾጣጣ አይሆንም። ለ225ቱ ጎማ ከ6 እስከ 7.5 ኢንች የሚሰፋ ቸርኬ ይስማማዋል፤ ስለዚህ የፋብሪካው ቸርኬዎ 6 ኢንች ከሆነ ሌላ ወጪ ላያስፈልግዎት ይችላል።

ስለ ጎማው ጥርስ የምለው አጭር ነው። ኦል ቴሬይን ለኮረኮንችና ለጠጠር ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጎኑም ከመንገድ ጎማ ስለሚጠነክር ስለታም ድንጋይ ቶሎ አይቆርጠውም። መድ ቴሬይን የሚባለው የጎላ ጥርስ ያለው ጎማ አስፋልት ላይ የሚጮኽና በዝናብ ጊዜ በፍሬን ላይ የሚንሸራተት ስለሆነ አብዛኛው መንገዱ አስፋልት ለሆነ ቤተሰብ አልመክረውም። ዝናብ የጠጣ የመረሬ አፈር ላይ ግን በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳን ከባድ መኪና የትኛውም ጥርስ አያወጣውም፤ ጭቃው በጥርሱ መካከል ተሞልቶ ጎማውን ሊሾ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርሱ መሬቱ እስኪጠነክር ይቁሙ።

ንፋሱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በ225ቱ ጎማ ላይ፣ ከላይ ባሰላነው ጭነት፣ ለኋላ 55 ለፊት 42 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) መነሻ ይሁንዎት፤ ሚዛኑ ሌላ ቁጥር ከሰጠ ከጎማው አምራች የክብደትና የንፋስ ሠንጠረዥ ጋር ያስተያዩት። ሁልጊዜም ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለኩ። ከሐዋሳ ተነሥተው ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ሳነቴ ሲወጡ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው 3 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ማለት ነበረበት፤ ይሁን እንጂ የሌሊቱ ብርድ ወደ 4 ያህል መልሶ ያወርደዋል። ወደ ቱርሚ ሲወርዱ ደግሞ ከፍታው መቀነሱና ሙቀቱ መጨመሩ እርስ በርስ ይካካሳሉ። ስለዚህ በየደረሱበት አይሙሉ፣ አያስተንፍሱም፤ የጠዋቱ ልኬት ከ3 ፒኤስአይ በላይ ከቀነሰ ቀዳዳ እንዳለ ይጠርጥሩ። ረጅም ኮረኮንች ላይ ከኋላው 10፣ ከፊቱ 7 ፒኤስአይ ያህል ቀንሰው ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳያልፉ ቢነዱ መኪናውም ጎማውም ያርፋል፤ አስፋልት ሲያገኙ ግን ወዲያውኑ መልሰው ይሙሉ፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ጭነት ተሸክሞ ሲፈጥን ጎኑ እየተጣጠፈ ይሞቃል፣ የሚፈነዳውም በዚሁ ሙቀት ነው። ለዚህም ከባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ኮምፕረሰርና ትክክለኛ መለኪያ ያስፈልግዎታል።

መርካቶ ጎማ ተራም ይግዙ ሐዋሳ፣ ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ። 2324 ቢል በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። አምስት ዓመት ያለፈውን አዲስ ነው ቢሉዎትም ለከባድ መኪና አይግዙት። ሲገዙም አራት ሳይሆን አምስት አንድ ዓይነት ጎማ ይግዙ፤ ከመኪናው ሥር የሚንጠለጠለው ትርፍ ጎማም በስፋቱ ምክንያት ከመቀመጫው ጋር እንዳይጣላ ከመክፈልዎ በፊት አንዱን አስገብተው ይሞክሩ። ዳዶዎቹን በኃይል መለኪያ ቁልፍ በ100 እና በ115 ኒውተን ሜትር መካከል ያስጠብቁ፤ ከሐዋሳ ወጥተው 50 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላም ቆም ብለው ስድስቱንም በየእግሩ እንደገና ያጥብቁ።