ለቤት ሥዕለ አድኅኖ ባለ መዝጊያ ሣጥን ስለ መሥራት

እኅታችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ከገዳም በበረከት የመጣልዎትን የምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕል (እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበትን)፣ ከእናትዎ ነጠላ የቀረውን ጥለት፣ የተበጠሰ የጨሌ ሐብልና አንድ የነሐስ መስቀል በትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አሰናድተው በመደርደሪያ ላይ ለማኖር እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ ከየትኛው መጀመር እንደሚገባ፣ የትኛው ሙጫ እንደሚሻልና መብራት ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እንዲህ ያሉ ሣጥኖችን ለራሴም ለወዳጆቼም ስሠራ ስለ ኖርሁ መልሴ ረዘም ቢል ይታገሡኝ። ከሁሉ አስቀድሜ የምለው፣ ሥዕሉን በሙጫ አያጣብቁት ነው። ጥለቱ ይቆሽሻል፣ መጋረጃው ይታጠባል፣ ሣጥኑም ወድቆ ሊሰበር ይችላል፤ ስለዚህ ሥራው በሙሉ ሥዕሉ ያለ ጉዳት እንዲወጣና እንዲገባ ተደርጎ መታሰብ አለበት። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ባለ መዝጊያ ሥዕል በአገራችን የቆየ ጥበብ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በጣና ደሴት ላለው ለዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የእመቤታችንን ሥዕል የሣለው ፍሬ ጽዮን በስሙ ከምናውቃቸው ጥቂት የጥንት ሠዓልያን አንዱ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሁለትና ሦስት ገጽ ሆነው የሚታጠፉ የእንጨት ሥዕሎች በብዛት ተሠርተዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ፣ ያሉትን ለማየት ዕድል ካገኙ ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን እንጨቱንም ይመልከቱ። በብዙዎቹ ላይ የተቀባው ክፍል ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ሲሆን ዙሪያው እንደ ክፈፍ ከፍ ብሎ ቀርቷል፤ መዝጊያው ሲዘጋ ክፈፍ ከክፈፍ ይገናኛል እንጂ ቀለም ከቀለም አይፋተግም። ገጾቹን የሚያያይዘውም በብዙዎቹ በቀዳዳ ውስጥ የገባ ክር ወይም ጠፍር ነው። ሁለቱም ብልሃቶች ለእርስዎ ሣጥን ይጠቅማሉ።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ሥዕልዎ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው ብለዋል። በዙሪያው ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ባዶ ቦታ ቢተውለት፣ የሣጥኑ ውስጥ 20 በ25 ይሆናል፤ ጥልቀቱ ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። ባዶ ቦታው እንዳይቆጭዎ፤ ሥዕሉ ጎልቶ የሚታየው በእርሱ ነው። የግድግዳው እንጨት አንድ ሴንቲ ሜትር ከሆነ የውጭ ስፋቱ 22 ነው፤ እያንዳንዱ መዝጊያ 11 ስለሚሆን ሁለቱም ወደ ጎን ሲዘረጉ መደርደሪያዎ ላይ 44 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይይዛሉ። ይህን ሳይለኩ ሣጥን የሚያሠሩ ሰዎች መዝጊያውን በግማሽ ብቻ እየከፈቱ ይኖራሉ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሚዛን ነው። ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ ሣጥን መዝጊያዎቹ ወደ ፊት ሲከፈቱ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ይደፋል። መዝጊያዎቹን ከቀጭን፣ አምስት ወይም ስድስት ሚሊ ሜትር ከሆነ ኮምፔንሳቶ ይሥሯቸው፤ ከሣጥኑ ሥርም ወደ ፊት አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ወፍራም ጣውላ መቀመጫ ያድርጉለት። ይህ መቀመጫ መስቀሉን ለማቆምም ያገለግላል። በመዝጊያዎቹ መካከል ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ቀለም ሲቀባ ውፍረት ይጨምራል፣ እንጨትም በእርጥብ ወራት ያብጣል።

እንጨቱን በመካከለኛ፣ ከዚያም በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ከፈተጉ በኋላ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ ነጭ መነሻ ቀለም ቀብተው፣ ሲደርቅ እንደ ገና በስሱ ይፈትጉት። ለውስጡ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥልቅ ቀይ እመርጣለሁ፤ ወርቃማ ቀለም ግን በጠርዝ ላይ ብቻ ቢወሰን ይሻላል፣ ሙሉ ግድግዳ በወርቅ ከተቀባ የሥዕሉ ወርቅ ይደበዝዛልና። ቀለም መቀባት ያለበት ማንኛውም ነገር ከመጣበቁ በፊት ነው።

ጥለቱ ላይ ጊዜ ወስጄ ልጻፍ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ መተኪያ የሌለው እርሱ ነውና። ከመታጠቡ በፊት እርጥብ ነጭ ጥጥ በጥለቱ ጀርባ ላይ ለጥቂት ጊዜ ጫን አድርገው ይያዙ፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ ጥለቱን ውኃ አያስነኩት፣ ቀዩ ወይም አረንጓዴው ወደ ነጩ ይፈስሳልና። ቀለም ካልለቀቀ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቀው፣ በጥላ አድርቀው፣ በጀርባው በኩል ይተኩሱት። ከመቁረጥዎ በፊት በሚቆረጥበት መስመር ግራና ቀኝ በቀጭን ክር ጥቅጥቅ አድርገው ይስፉ፤ የሸማ ድርና ማግ ልል ስለሆነ መቀስ እንደ ነካው መተርተር ይጀምራል። ከዚያ ጥለቱን በቀጥታ በእንጨቱ ላይ አይለጥፉት። ነጠላ ስስ ስለሆነ ሙጫው ሰርጎ በፊቱ በኩል ይወጣና ሲደርቅ እንደ ሰም የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ይህ ነጠብጣብ ደግሞ አይለቅም። ይልቁንስ ከሣጥኑ የኋላ ግድግዳ በሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ያነሰ ጠንካራ ነጭ ካርቶን ይቁረጡ፤ አሲድ የሌለበት የሥዕል ካርቶን ቢሆን ይመረጣል፣ ተራው ካርቶን ጊዜ ሲያልፍ ጨርቁን ያቢጫልና። ጥለቱን በላዩ ወጥረው፣ ጠርዙን ወደ ኋላ አጥፈው፣ በጀርባው ከወዲያና ከወዲህ እየተሳበ በሚያልፍ ክር ያስሩት። ያለ አንድ ጠብታ ሙጫ ተወጥሮ ይቆያል፤ ወደፊት ልጅዎ ጥለቱን ልትወስድ ብትፈልግ ክሩን ፈትታ ትወስደዋለች።

ሥዕሉ የሚቆመው በዚህ ካርቶን ፊት ነው። ከላይ ካልሆነ በቀር በሦስቱም ወገን ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች በግድግዳው ላይ ተለጥፈው ጠባብ ቦይ ይሠራሉ፤ ሥዕሉም ከተመሳሳይ ካርቶን በተሠራ መደገፊያ ላይ በወረቀት ማዕዘኖች ተይዞ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። ማዕዘኖቹ እንደ ድሮ የፎቶ አልበም ማዕዘን ናቸው፤ ከወረቀት አጥፎ መሥራት ይቻላል። በፊቱ መስታወት ማስገባት ከፈለጉ መስታወቱ ከሥዕሉ ጋር እንዳይነካካ በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት ይተዉ፤ እርጥበት ሲኖር የታተመ ሥዕል ከመስታወት ጋር ይጣበቃልና። ስለ መስታወቱ ግን ያለኝን አስተያየት ልናገር፤ ባለ መጋረጃ ሣጥን ላይ መስታወት ትርፍ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ሥዕል በመጋረጃ ይሸፈናል፤ መጋረጃውም አቧራንም ብርሃንንም ይከላከላል። ከቀጭን የነሐስ ሽቦ ላይ የሚንሸራተት የሐር ወይም የስስ ከፋይ መጋረጃ ይበቃል፤ ስፋቱ ከሚሸፍነው ቦታ አንድ ጊዜ ተኩል ቢሆን ሽብሽብ ብሎ ያምራል።

ስለ ሙጫ ለጠየቁት፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሙጫ የለም። እንጨትን ከእንጨት ነጩ የእንጨት ኮላ ያጣብቃል፤ በመቆንጠጫ ተይዞ ለአንድ ሌሊት ይደር። ብረትንና ድንጋይን ይህ ኮላ አይዝም፤ ለነሐሱ መስቀል መቆሚያና ለከባድ ጨሌዎች ሁለቱ ክፍሎች ተቀላቅለው የሚደርቁበትን ኢፖክሲ ይጠቀሙ፣ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ያድርጉ። በጠመንጃ መሰል መሣሪያ ቀልጦ የሚወጣው ሙጫ ፈጣን ቢሆንም በሙቀት ይለሰልሳል፣ ከልሙጥ ብረትም ይላቀቃል። ሱፐር ግሉ የሚባለው ደግሞ ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር በዙሪያው ይጥላል፤ ወደ ሥዕሉም ወደ መስታወቱም አያቅርቡት። ጨሌዎቹን ከሁሉ የሚሻለው በክር ሰክቶ በጥቃቅን ሚስማሮች መካከል ማንጠልጠል ነው። መስቀሉም ራሱ አይጣበቅ፤ የሚጣበቀው መቆሚያው ብቻ ነው። ሁሉም ሙጫና ቀለም ከደረቀ በኋላ ሣጥኑን ለሳምንት ያህል ክፍት አድርገው ያናፍሱት፤ ገና ሽታ ያለው ሣጥን ውስጥ ሥዕልና ብረት መዝጋት ሥዕሉን ሊያቢጭ፣ ብረቱን ሊያጠቁር ይችላል።

የመዝጊያዎቹ የውስጥ ገጽ ብዙ ሰው ባዶ የሚተወው፣ ወይም በተቃራኒው የተገኘውን ሁሉ የሚለጥፍበት ስፍራ ነው። ጥንታውያኑ ሠዓልያን በእመቤታችን ግራና ቀኝ ቅዱስ ሚካኤልንና ቅዱስ ገብርኤልን ይሥላሉ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ በአንደኛው ገጽ ይታያል፤ እርስዎም በየመዝጊያው አንድ አንድ ሥዕል ብቻ ቢያደርጉ ይበቃል። በፔሩ፣ በአያኩቾ አውራጃ፣ ረታብሎ የሚባሉ ባለ ሁለት መዝጊያ ሣጥኖች አሉ፤ ውስጣቸው በየደርቡ በጥቃቅን ምስሎች የተሞላ ሲሆን መዝጊያዎቻቸው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሣለው አበባ ነው። ዓይን ከአበባው ወደ ውስጥ እንዲገባ የተደረገበት መንገድ ደስ ይለኛል፤ ምስል መጨመር ካልፈለጉ የሐረግ ጌጥ ብቻ መሣልም እንደዚያው ያምራል። ሐረጉ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ እንደሚታየው ቢሆን ከጥለቱም ጋር ይስማማል። የመንበረ ታቦት ቅርጽ ግን ለቤት ሣጥን አይቅዱ፤ እርሱ ቦታው ቤተ መቅደስ ነው። ሥራው ሲያልቅም ለንስሓ አባትዎ አሳይተው ጸሎት ቢያስደርጉበት መልካም ነው።

መብራትን በተመለከተ፣ በሣጥኑ ውስጥ ጧፍም ሻማም አይብራ። ሰባት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው፣ ጨርቅና ደረቅ እንጨት በሞላበት ስፍራ እሳት ማስገባት አደጋ ነው፤ ከላይ ያለው ጣውላም በጢስ ይጠቁራል። ጧፉን ከሣጥኑ ርቆ፣ ከታች አሸዋ ባለበት የሸክላ ዕቃ ላይ ያብሩት፤ እንደ በራም ትተውት አይውጡ። በውስጥ ብርሃን ከፈለጉ በባትሪ የሚሠራ ቢጫማ ኤልኢዲ ከላይኛው ጣውላ ጠርዝ ጀርባ ይደብቁ፤ ብርሃኑ እንጂ አምፖሉ አይታይ። የባትሪው ቤት ከሣጥኑ ጀርባ ይሁን፤ ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ሥዕሉን ማንሳት አይገባም። ሣጥኑን ፀሐይ በቀጥታ ከምታገኘው መስኮት፣ ከማሞቂያና ከምድጃ ያርቁት።

የሥዕሉንና የመደገፊያውን ጠቅላላ ውፍረት በሚሊ ሜትር ለክተው ቢጽፉልኝ፣ የቦዩን ስፋትና የመጋረጃውን ሽቦ ቦታ በንድፍ ሥዬ እልክልዎታለሁ።