ስኳር እንዳይወርድ፦ መክሰስ መቼ፣ ምን፣ ምን ያህል?

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን (ጥርት ያለውና ደፈርስ ያለው) ተቀላቅሎ ይወጋል። ትምህርት ቤት ረፋዱ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ላብ በላብ ሆኖ ይነቃል። ፈርቼ ማታ ማታ ብስኩትና ቸኮሌት መስጠት ጀመርኩ። አሁን ጠዋት ስለካው 280 ይሆናል። ምን ላብላው? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከምግቡ በፊት ሰዓቱን እንይ፤ መክሰስ የሚጠቅመው ኢንሱሊኑ በሚበረታበት ሰዓት ሆድ ውስጥ ሲገኝ ነው። ጥርት ያለው ኢንሱሊን (ሪጉላር) በጣም የሚሠራው ከተወጋ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ከተወጋ ጉልበቱ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ላይ ይሆናል ማለት ነው፤ የረፋዱ መንቀጥቀጥ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ደፈርስ ያለው (ኤንፒኤች) ዘግይቶ ነው የሚበረታው። የጠዋቱ ከሰዓት በኋላ፣ የማታው ደግሞ በአብዛኛው ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቤተሰብ ሁሉ በተኛበት።

ስለዚህ የትምህርት ቤቱ መክሰስ የእረፍት ደወል እስኪደወል መጠበቅ የለበትም። 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ክፍል ውስጥም ቢሆን እንዲበላ ከመምህሩ ጋር ይነጋገሩ። መጠኑ 15 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት (ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጠው የምግብ ክፍል) ይሁን፦ 30 ግራም የሚመዝን ቁራሽ ዳቦ፣ ወይም አንድ ትንሽ ሙዝ፣ ወይም አንድ ትንሽ እፍኝ የገብስ ቆሎ፣ ወይም ያለ ስኳር በውኃ የተበጠበጠ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ። 10 ሰዓት ገደማ ይህንኑ ይድገመው። ቁርሱንም ሳያስተርፍ መብላቱን ያረጋግጡ፤ ሪጉላር ከምግብ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ስለሚወጋ፣ ተወግቶ ቁርሱን በጥድፊያ ትቶ የሚሄድ ልጅ ስኳሩ መውረዱ አይቀርም።

ማታ ላይ ሊተኛ ሲል ይለኩት (ቁጥሮቹ ሁሉ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ናቸው)። ከ70 በታች ከሆነ መክሰስ አይበቃም፤ መጀመሪያ በስኳር ይታከማል (አሰጣጡን ከታች ያገኙታል)። ከ70 እስከ 100 ከሆነ አንድ ብርጭቆ ወተት ከቁራሽ ዳቦ ጋር ይስጡት። ከ100 እስከ 180 ከሆነ ወተቱ ብቻ ይበቃል፤ 250 ሚሊ ሊትር ወተት 12 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ 8 ግራም ያህል ደግሞ ፕሮቲን አለው። ከ180 በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መክሰስ አያስፈልገውም። በዚያ ቁጥር ግን ተደናግጠው በራስዎ ተጨማሪ ኢንሱሊን አይውጉት። ኳስ ሲጫወት የዋለ ልጅ ስኳሩ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ዘግይቶም ሊወርድ ስለሚችል፣ በዚያ ምሽት ከ180 በላይ ቢሆንም ወተቱን አይከልክሉት፤ ሌሊትም አንድ ጊዜ ይለኩት። ሐኪሙ የተለየ ቁጥር ሰጥቶዎት ከሆነ የእሱን ይከተሉ።

ብስኩቱን ይተዉት። ቶሎ ይፈጭና ማታውኑ ስኳሩን ይሰቅለዋል፤ ኢንሱሊኑ በሚበረታበት ሰዓት ግን አልቋል። ቸኮሌት ደግሞ ስቡ ስኳሩን ስለሚያዘገየው፣ ለወረደ ስኳር ማንሻ አይሆንም።

የጠዋቱ 280 ከመክሰሱ ብዛት ሊሆን ይችላል፤ የማታው ኢንሱሊን ሳይነጋ ስላለቀም ሊሆን ይችላል። ለመለየት ለሦስት ሌሊት ያህል 9 ሰዓት ላይ ለክተው ይጻፉ። ጠዋት ከፍ አለ ተብሎ ብቻ የማታው ኢንሱሊን ቢጨመር፣ ሌሊቱን በሚወርድ ልጅ ላይ አደጋው ይብሳል። የጻፉትን ለሐኪሙ ያሳዩ። ብዙ ወላጆች የማይነገራቸው ነገር ይህ ነው፦ ልጅ እንዳይወድቅ በየቀኑ ተጨማሪ መብላት ካለበት መስተካከል ያለበት ኢንሱሊኑ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ ወይም የማታውን ኤንፒኤች ከእራት ሰዓት ወደ መኝታ ሰዓት ሊያዛውረው ይችላል፤ ያኔ ጉልበቱ ወደ ንጋት ይገፋል።

አወጋጉንም ይፈትሹ። ኤንፒኤች ከመቀዳቱ በፊት ጠርሙሱ በሁለት መዳፍ መካከል 20 ጊዜ ያህል በቀስታ መንከባለል አለበት፤ አይናጥም። ካልተደባለቀ አንድ ቀን ቀጭኑ፣ ሌላ ቀን ወፍራሙ ይቀዳና ስኳሩ ያለ ምክንያት የሚዋዥቅ ይመስላል። መርፌ በተደጋገመበት ያበጠና የጠነከረ ቦታ ላይም አይወጋ። ኳስ ሊጫወት ሲል ጭኑ ላይ ከተወጋ ኢንሱሊኑ ከወትሮው ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል።

ስኳሩ ከ70 በታች ሲሆን፣ ወይም መለኪያ በሌለበት ሲንቀጠቀጥና ሲያልበው፣ 3 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጡት፤ ለአዋቂ 4 ነው። ግማሽ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳም ይሆናል፤ «ዜሮ» የሚለው ግን ስኳር ስለሌለው አይረዳም። 15 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ፤ ካልተነሣ ይድገሙ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይጨምሩ፤ ትንፋሹን ይዘጋዋል። በጎኑ አስተኝተው ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 63 ነው። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን እውጣለሁ። በጾም እስከ 9 ሰዓት ስለማልበላ፣ ከቅዳሴ ስመለስ እግሬ ይብረከረካል፣ ዓይኔም ይጋረዳል። ለጥንቃቄ ኪሴ ውስጥ ኦቾሎኒ እይዛለሁ። ይበቃል? (አባት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አባታችን፣ አይበቃም። አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ (30 ግራም) ያለው ካርቦሃይድሬት 5 ግራም ገደማ ነው፤ ቀሪው ስብና ፕሮቲን ነው። በኪስዎ በወረቀት የተጠቀለለ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይያዙ። ቆሎ ረጅም መንገድ ከመሄድ በፊት ጥሩ መክሰስ ነው፤ ስኳር ከወረደ በኋላ ግን ለማኘክም ለመፈጨትም ጊዜ ይወስዳል።

ትልቁ ስጋት ግን ክኒኑ ነው። ግሊቤንክላማይድ ቢበሉም ባይበሉም ቆሽትዎ (ፓንክሪያስ) ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድዳል፤ ጉልበቱም እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ዕድሜ ሲገፋና ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ከሰውነት ለመውጣት ይዘገያል። ክኒኑን ውጦ ጦም መዋል አይገባም። ሐኪምዎ ሰዓቱን ወይም መድኃኒቱን ሊቀይርልዎ ስለሚችል ቀድመው ይጠይቁት፤ ከንስሐ አባትዎም ጋር ይማከሩ። ከ70 በታች በወረደበት ሰዓት ጾሙን ወዲያው ይፍቱ። ስኳር ጠጥተው ቢሻልዎትም በዚያ አይተማመኑ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ይብሉ፣ ብቻዎን አይተኙ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይታዩ። ጠላም ጠጅም በባዶ ሆድ አይቅመሱ፤ አልኮል ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ያግደዋል።

ጥያቄ፦ ከስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን ብቻ ነው የምወስደው። ስኳሬ እንዳይወርድ በየሁለት ሰዓቱ ብስኩት እበላለሁ። ትክክል ነኝ? (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። ሜትፎርሚን ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው እምብዛም ነው፤ ብስኩቱ ክብደትና ስኳር ይጨምርብዎታል እንጂ። መንቀጥቀጥ ከተሰማዎ ከመብላትዎ በፊት ይለኩ። ለረጅም ጊዜ 250 እና 300 ላይ የቆየ ሰውነት 110 ሲደርስ የወረደ ያህል ይሰማዋል፤ ይህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለመዳል። ሲርብዎ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ካሮት ይብሉ።